የጄሪካን ፊደል

ኢታና በዳዳ ፈሪ ነበር። ይህን የምለው ለማማት አይደለም፤ ራሱም ቢጠየቅ አይክድም። ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ ላይ፣ አስፋልቱ አልቆ ድንጋዩ በሚጀምርበት ዳገት ላይ ባለች አንዲት ትንሽ ትምህርት ቤት ኮምፒውተር ያስተምራል። ከወረዳ የመጣ ሰው ግቢ ውስጥ ባየ ቁጥር እጁ ሳያዘው ወደ ሸሚዙ የላይኛው ቁልፍ ይሄዳል። ታክሲ ውስጥ ስለ መንግሥት ወሬ ከተነሣ፣ መውረጃው ሳይደርስ “ወራጅ አለ” ብሎ ይወርድና ያን ሁሉ ዳገት በእግሩ ይወጣዋል። የሰፈሩ ሰው ስፖርት የሚወድ ይመስለው ነበር።

ፍርሃቱን ከገበያ አልገዛውም፤ ወርሶት ነው። አባቱ አቶ በዳዳ ወለጋ ውስጥ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ነበሩ። በደርግ ዘመን ጸሎት ቤቱ ሲታሸግ፣ አብረውህ የሚጸልዩትን ቁጠር ተብለው ታሰሩ። አልቆጠሩም። ሲፈቱ ግን የፊት ጥርሳቸው አብሯቸው አልወጣም። ኢታና ለኮሌጅ ወደ አዲስ አበባ ሲመጣ መረቁት፣ ጸለዩለት፣ አውቶቡሱ ሊነሣ ሲል ደግሞ በመስኮቱ አንገታቸውን አስግገው አንድ ምክር አከሉለት። “ልጄ፣ ከጠየቁህ አላውቅም በል። በአላውቅም የተሰቀለ የለም።”

ልጅየው ምክሩን ይዞ ኖረ። አስተማሪ ከሆነ በኋላ ግን ያቺን ቃል ጠላት። ፈርተው የሚያድጉ ልጆች ምን እንደሚሆኑ ከራሱ በላይ ማን ያውቃል? ስለዚህ ክፍሉ ውስጥ ሕግ አወጣ፤ “አላውቅም” ማለት ክልክል ነው፣ “ልሞክር” ይባላል። አንዱ ልጅ ተሳስቶ “አላውቅም” ያለ እንደሆነ ክፍሉ በሙሉ በአንድ ድምፅ “ልሞክር በል!” ይለዋል። ጩኸቱ ቢሮ ድረስ ስለሚሰማ ርዕሰ መምህሩ ብዙ ጊዜ ተበሳጭተውበታል።

የሚፈራ ልብ ቢኖረውም የሚጫወት ጭንቅላት ነበረው። መጫወት ደግሞ ግድ ሆኖበት ነው። ትምህርት ቤቷ በእርዳታ ያገኘቻቸው ኮምፒውተሮች ዳንቴል ለብሰው አንድ ክፍል ውስጥ ተቆልፎባቸዋል። መብራት ሲኖር ቁልፍ ያዡ አይገኝም፤ ቁልፍ ያዡ ሲገኝ መብራቱ ይሄዳል። ኢታና ሲቸግረው ኪቦርዱን በኖራ መሬት ላይ ሣለው። ልጆቹ ሰኞ ማክሰኞ እንደሚጫወቱ በአንድ እግራቸው ከፊደል ፊደል እየዘለሉ ስማቸውን ጻፉ። ቫይረስ ምን እንደሆነ ለማሳየት የአንዱን ልጅ መዳፍ በጠመኔ ለቅልቆ እንደ ወትሮው ሁሉንም ጨብጥ አለው፤ ደወል ሲደወል የክፍሉ ግማሽ እጁ ነጭ ነበር። ያን ቀን ቤቱ ሄዶ እጁን ያልታጠበ ልጅ የለም።

ከሁሉም የወጣለት ግን የጄሪካኑ ጨዋታ ነበር። ኮምፒውተር ከአንድና ከዜሮ በቀር ሌላ አያውቅም ብሎ ለስምንተኛ ክፍል ልጅ መንገር ቀላል ነው፤ ማሳመኑ ነው ጭንቁ። ኢታና የፊደል ገበታውን ይዞ ተቀመጠ። ሞክሼዎቹን ፊደላት ሲቀንስ፣ የሀን ቤት ከለ ቤት፣ የለን ቤት ከመ ቤት ለመለየት አምስት የአንድና የዜሮ ምልክት በቃው። ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያሉትን ሰባቱን ለመለየት ደግሞ ሦስት። አምስትና ሦስት ስምንት። አንድ ፊደል ስምንት ምልክት ሆነ፤ ኮምፒውተሩ ራሱ ባይት የሚለው ልክ ይኸው ነው። ይህን ያገኘ ቀን ለብቻው ሳቀ፣ ከዚያ ማን ሰማኝ ብሎ በሩን ዘጋ።

ሰንጠረዡን በትልቁ የትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ ቀባው። አንዱ ቡድን ከግቢው በላይ ባሕር ዛፉ ሥር ይወጣል፣ ሌላው ታች ይቆማል። ፊሽካ ይነፋል። ቢጫው ጄሪካን ከፍ ካለ አንድ ነው፣ ዝቅ ካለ ዜሮ። ላይ ያሉት ቃል ይልካሉ፣ ታች ያሉት ግድግዳውን እያዩ ያነባሉ። ከእንጦጦ ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች ሸክማቸውን አስደግፈው ቆመው ያዩአቸው ነበር።

በዚህ ጨዋታ ርሆቦትን የሚያህላት አልነበረም። ሌላው ልጅ በጣቱ ሲቆጥር እሷ የመጨረሻው ጄሪካን ሳይወርድ ቃሉን ትጠራዋለች። ላኪው ተሳስቶ ምልክቱን ቢያበላሸው እንኳ፣ “ቲቸር፣ እንዲህ የሚባል ቃል የለም፤ እንዲህ ሊል ፈልጎ ነው” ብላ ታርመዋለች። እናቷ ወይዘሮ ወርቅአየሁ ሾላ ገበያ በርበሬና ቅመም ይሸጣሉ፤ ይህችን አንዲት ልጅ ይዘው ነው የቀሩት። ወላጆች በተጠሩ ቀን ኢታና “ልጅዎ ከእኔ ትበልጣለች” ሲላቸው ቀልድ መስሏቸው ሳቁ። እሱ ግን የምሩን ነበር።

ከዚያ ሁለት ሺህ ዘጠኝ ገባ። መስከረም ሳያልቅ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ የሞባይል ኢንተርኔት ተዘጋ፤ ሰው ስልኩን ኪሱ ከቶ አንገቱን ደፍቶ መሄድ ጀመረ። የእገሌ ልጅ ተወሰደ፣ የእገሌ ወንድም የት እንዳለ አይታወቅም የሚል ወሬ በሹክሹክታ ይዞራል። ኢታና መንገድ ላይ በስሙ ሲጠሩት መጀመሪያ የሚያየው የጠራውን ሰው ሳይሆን ማን እንደሰማ ነበር። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል፤ እሱ እባቡን ያየው በአባቱ ድድ ላይ ነው። ጄሪካኑን ዕቃ ቤት አስገባና ለልጆቹ ከእንግዲህ ክፍል ውስጥ ነው የምንማረው አላቸው። ለምን ብለው ሲጠይቁት ብርድ ነው አለ። እውነተኛውን ምክንያት መናገሩም ያስፈራው ነበር።

ስህተቱ ይህች ናት። ልጅ ምክንያቱን ካልነገሩት የተከለከለው ነገር አደገኛ መሆኑን ከየት ያውቃል? ብርድ ነው ተባለ፤ ኅዳር ሲገባ ደግሞ ፀሐይ ወጣች።

አንድ ቅዳሜ ኢታና የተከራየው ክፍል ደጅ ላይ ሸሚዙን ሲያጥብ የርሆቦት ጓደኛ ባርኮት እየሮጠች መጣች። ነጠላ ጫማዋ አንዱ እግሯ ላይ ብቻ ነበር። ትንፋሿ እየተቆራረጠ ነገረችው። እሷና ርሆቦት ሊጫወቱ ወጥተው፣ ርሆቦት ጫካው ጫፍ ላይ የእናቷን ጄሪካን ይዛ፣ እሷ ታች ሆና ሲላላኩ ሁለት ፖሊሶች ከላይ ወርደው ርሆቦትን ያዟት። ከታች ከኤምባሲዎቹ በኩል ለማን ነው ምልክት የምትሰጪው አሏት። ማን ነው ያስተማረሽም እያሉ ወደ ጣቢያ ወሰዷት።

“ምን አለች?” አለ ኢታና።

“ዝም አለች።”

ልብ አድርጉ፤ ልጅቷ ዝም ያለችው እሱን ለማትረፍ ነው፣ ይህ ገብቶታል። ገብቶትም ያደረገው ምንድን ነው? ባርኮትን ቤትሽ ግቢ፣ ለማንም እንዳትናገሪ አላት። ያልደረቀ ሸሚዙን ፌስታል ውስጥ ጠቅልሎ፣ ጃኬቱን ደርቦ፣ በሩን ቆልፎ ቁልቁል ወረደ። አያት ኮንዶሚኒየም እህቱ አለች። እስኪረጋጋ እሷ ጋ እሆናለሁ ብሎ ነው። ምኑ እስኪረጋጋ እንደሆነ ራሱንም አልጠየቀም።

የመገናኛ ታክሲ ላይ ወጥቶ የኋላ ወንበር ጥግ ያዘ። ረዳቱ ሒሳብ ሲለው ደነገጠ። አጠገቡ የተቀመጠው ሰው ሁለት ጊዜ ስላየው ደህንነት ነው ብሎ ደመደመ፤ ሰውዬው ግን የሚያየው ከፌስታሉ የሚንጠባጠበውን ውሃ ነበር። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል እያለ በልቡ ያልጎመጉማል። ሙሉ ስሙን ሲጠይቁት ይታየዋል። ኢታና በዳዳ ብሎ ሲመልስ፣ መዝጋቢው ቀና ብሎ ሲያየው ይታየዋል። በዚያ ወራት ያ ስም ብቻውን ስንት ጥያቄ ያስከትል እንደነበር የኖረበት ያውቃል።

ታክሲው ሾላ ገበያ ሲደርስ ሰው ለመጫን ቆመ። ኢታና አንገቱን ቀብሮ በመስኮቱ አየ። ወይዘሮ ወርቅአየሁ ከቅመማቸው ጀርባ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠዋል። አንዲት ሴት ኮረሪማውን አፍሳ እያሸተተች ትከራከራቸዋለች፣ እሳቸው እየሳቁ እጇን መታ ያደርጋሉ። አልሰሙም። ልጃቸው ፖሊስ ጣቢያ መግባቷን ይህ ሁሉ ሰው ከሚርመሰመስበት ገበያ ውስጥ የሚያውቀው እሱ አንድ ሰው ነው፤ እሱም ታክሲ ውስጥ ተደብቋል።

ፈሪ ለናቱ ይባላል። የርሆቦት እናት ግን ማን ይቅርላቸው? እግሩ ከልቡ ቀደመ መሰለኝ። ረዳቱ በሩን ሲዘጋ የሰማው “ወራጅ አለ” የሚል ድምፅ የራሱ መሆኑን ያወቀው ከወረደ በኋላ ነው።

ሲነግራቸው አልጮኹም። ሽርጣቸውን ፈቱ፣ ቅመሙን ሳይሸፍኑ ተነሡ፤ ጎረቤታቸው ናቸው የሸፈኑላቸው። ታክሲ ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የተናገሩት። “መምህር፣ ጨዋታ ነው ያሉኝ እኮ እርስዎ ነዎት” አሉት።

ጣቢያው ዳገት ላይ የተሠራ ስለነበር ግቢው ላይና ታች አለው። ርሆቦት ታች፣ በሩ አጠገብ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣለች፤ ቢጫው ጄሪካን በኤግዚቢትነት ጠረጴዛ ላይ ወጥቷል። እናቷን ስታይ ልትነሣ ቃጣት፣ ኢታናን ስታይ ግን አንገቷን ደፋች። እንዳላወቀችው ለማስመሰል ነበር። አሥራ አራት ዓመት ያልሞላት ልጅ ናት።

ጉዳዩን የያዘው ኢንስፔክተር ዓምደ ሚካኤል ይባላል፤ ጎልማሳ፣ ረጋ ያለ፣ ድምፁን የማያነሣ ሰው ነው። የሚጮህ ቢሆን ለኢታና ይሻለው ነበር። ሙሉ ስም ጠየቀው። ኢታና ተናገረ። መዝጋቢው ቀና ብሎ አየው፤ ልክ ታክሲው ውስጥ እንደታየው። አባቱ በመስኮቱ አንገታቸውን ሲያሰግጉ ታየው፣ “አላውቅም” የምትለው ቃልም ምላሱ ጫፍ ላይ ደረሰች። ዋጣትና “ያስተማርኳት እኔ ነኝ” አለ። ድምፁ የእሱ አይመስልም ነበር።

ከዚያ ሁሉንም ለፈለፈ፤ ዳንቴል የለበሱትን ኮምፒውተሮች፣ ሰኞ ማክሰኞውን፣ የጠመኔውን ቫይረስ፣ አንዱን ዜሮውን። ኢንስፔክተሩ ሳያቋርጠው ሰማው። ሲጨርስ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አሳየው። የትምህርት ቤቱ ግድግዳ ነው፤ አንድ ፖሊስ ሄዶ አንሥቶታል።

“እንግዲህ ጨዋታ ከሆነ እንጫወታለን” አለ ኢንስፔክተሩ። “አንተ ላይ ትቆማለህ፣ እሷ ታች። ቃሉን የምሰጥህ እኔ ነኝ። ፎቶውን ያነሣው ፖሊስ ከዚህ ስልክ እያየ ምልክቱን በትክክል መላክህን ይቆጣጠራል።”

ኢታና ተነፈሰ። ጨዋታ መሆኑን ሊያሳይ ነው፤ ከዚህ የበለጠ ምን ዕድል አለ? ጄሪካኑን ይዞ የውሃ ታንከሩ አጠገብ ወጣ። ርሆቦትን ከበሩ አጠገብ አስነሥተው ፊቷን ወደ እሱ አዞሩአት። ኢንስፔክተሩ ተጠግቶ ጆሮው ላይ አጎነበሰ።

“ተነሱ በላት” አለው።

ያን ጊዜ ነው ኢታና ወጥመዱን ያየው። ልጅቷ ቃሉን ካነበበች፣ ከጫካ ሆኖ ለከተማ “ተነሱ” ማለት የሚያስችል ምልክት ለልጆች ማስተማሩ በገዛ እጁ ተረጋገጠ ማለት ነው። ካላነበበች ደግሞ ያ ሁሉ ያወራው ውሸት ይሆናል። ምልክቱን አጥፍቶ እንዳይልክ ስልክ የያዘው ፖሊስ አጠገቡ ቆሟል። እንዳትመልሺ ብሎ እንዳይጠቅሳት ሁሉም ዓይኑን ያያል። መምህር ከሆነ ጀምሮ አንድ ተማሪ እንዲሳሳት ጸልዮ አያውቅም ነበር። አሁን ጸለየ። ጌታ ሆይ፣ ዛሬ ብቻ አታውቅ አለ። ርሆቦት ግን ተሳስታ አታውቅም፤ ይህን እሱ ራሱ ነው የኮራበት።

ፊሽካው ተነፋ። ዝቅ፣ ከፍ፣ ዝቅ፣ ዝቅ፣ ከፍ። ክንዱ ከትከሻው የተለየ መሰለው። የመጀመሪያው ፊደል አለቀ። ሁለተኛው ላይ ጄሪካኑ ከላብ የተነሣ ከእጁ ሊያመልጥ ሲል በጉልበቱ ደገፈው፤ ፖሊሱ ስልኩን አየ፣ ኢታናን አየ፣ ቀጥል አለው። ሦስተኛውም አለቀ። ወይዘሮ ወርቅአየሁ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ቆመዋል። ምን እንደሚመኙ እንኳ አያውቁም ነበር፤ ልጃቸው ብታውቅ ይሻላል ወይስ ባታውቅ?

ርሆቦት ኢታናን አየችው። ኢንስፔክተሩን አየችው። ከዚያ እንደ ትንሽ ልጅ ጣቶቿን መቁጠር ጀመረች፤ ቆጥራ የማታውቀዋ ልጅ። ቆጠረች፣ ተሳሳተች፣ እንደገና ጀመረች።

“ድንች” አለች።

መጀመሪያ የሳቀው ስልክ የያዘው ፖሊስ ነው። ቀጥሎ የበሩ ጠባቂ። “ድንች! ኧረ ድንች ነው የላክላት” እያለ ሆዱን ያዘ። ኢንስፔክተሩ ግን ወዲያው አልሳቀም። ወደ ታች ወርዶ ልጅቷ ፊት ቆመና ረጅም ጊዜ አያት። እሷም ጫማዋን አየች። ኢታና ጄሪካኑን አቅፎ ላይ ቆሟል። ያቺ ጊዜ ከአባቱ እስር ያጠረች አልመሰለችውም።

“ይኼን ነው ያስተማርካት?” አለ ኢንስፔክተሩ በመጨረሻ፣ ፈገግ እያለ። “የወላጅ ገንዘብ አሳዘነኝ።”

እናቲቱም መምህሩም ፈርመው ልጅቷ ተለቀቀች። ጄሪካኑ ቀረ። ግድግዳው እስከ ሰኞ ድረስ እንዲቀባ፣ ከክፍል ውጭ ምንም ዓይነት ጨዋታ እንዳይኖር ለኢታና ተነገረው። እሱ ለሁሉም እሺ አለ፤ ሰማይን ቀባው ቢሉትም እሺ ይል ነበር።

ቁልቁል ሲወርዱ ወይዘሮ ወርቅአየሁ ልጃቸውን በብብታቸው ሥር አድርገው ይሄዳሉ። “እንኳንም አላወቅሽው፣ የኔ እናት” ይላሉ ደጋግመው። ኢታና ከኋላ ነበር። መታጠፊያው ላይ ርሆቦት ከእናቷ እጅ ወጣ ብላ ጠበቀችው።

“ቲቸር” አለች በቀስታ፣ “ሁለተኛው ፊደል ላይ ጄሪካኑ ሊያመልጥዎት ሲል አራተኛውን ምልክት ዝቅ አድርገው ነው ያሳዩት። ‘ተተሱ’ ሊሆን ነበር። እንደዚህ የሚባል ቃል ስለሌለ አረምኩት።”

ይህን ብላ ወደ እናቷ ሮጠች። ኢታና እመንገዱ መሐል ቆሞ ቀረ። ደስ ይበለው ወይስ ይዘን አላወቀም። ሁለቱም ተምታቱበትና ዕንባው መጣ፤ ሰው እንዳያየው ፌስታሉ ውስጥ ባለው እርጥብ ሸሚዝ ፊቱን ጠረገ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ኖራ በጥብጦ ግድግዳውን ቀባው። አንድ ጊዜ የተቀባ ኖራ ሥር ያለውን ቶሎ አይሸፍንም፤ ሦስት ጊዜ ደጋገመበት።

ሰኞ ስምንተኛ ክፍል ገባ። ልጆቹ ሁሉንም ሰምተዋል፤ እንደዚያ ጸጥ ብለው አያውቁም። ኢታና የሚለው ስላጣ ከሁሉም የቀለለውን ጥያቄ ሰሌዳው ላይ ጻፈ። አንድ፣ ዜሮ፣ አንድ ስንት ነው? ሁሌ ማንም ሳይጠራት የምትመልሰው ርሆቦት እጆቿን ከዴስኩ ሥር አድርጋ ተቀምጣለች። ስሟን ጠራት። ተነሣች።

ዓይኑን ሳታይ መስኮቱን አየች። በረንዳው ላይ ማንም አልነበረም።

“አላውቅም፣ ቲቸር” አለች።

ኢታና ጠበቀ። ሕጉ የታወቀ ነው፤ ክፍሉ በአንድ ድምፅ “ልሞክር በይ!” ሊላት ይገባል። አንድም ልጅ አፉን አልከፈተም። ቁጭ በይ አላትና መልሱን ራሱ ጻፈው።